ጠርዝ ላይ የቆመችው ኦቾሎኒ

እትዬ ቫንዳና ትሪውን ጭናቸው ላይ አድርገው አንዴ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ክሪኬት፣ አንዴ ትሪውን ያያሉ። መሃል ላይ የተጋደመችው ማንኪያ ኳስ ወርዋሪውና መቺው የሚፋጠጡባት ጠባብ መስመር ናት፤ ዙሪያዋን የተበተኑት ኦቾሎኒዎች ኳስ ለመያዝ ሜዳው ላይ የቆሙት ተጫዋቾች ናቸው። ጠርዙ ላይ ለብቻዋ ያለችው፣ ቅርፊቷ ያልተላጠው፣ ልጃቸው ኦጃስ ነው።

ይህን በትሪ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ኦጃስ ለትልቁ ሊግ የተመረጠ ሰሞን፣ "ሚሊንድ ልጄ፣ የት እንደሚቆም ካላወቅሁ በዚያ ሁሉ ሰው መሃል በምን እለየዋለሁ?" ብለው መጡ። እኔ ደግሞ ለዚህ አልታማም። አኮላ ከተማ ውስጥ፣ በኛ ሰፈር፣ ስልክ ያለው ሁሉ ከእውነተኞቹ ተጫዋቾች መርጦ በስልኩ ያዋቀረው የፋንታሲ ቡድን አለው። የመረጥከው ሰው ሲመታም ሲይዝም ነጥብ ታገኛለህ፤ ያሸነፈ ሰው ስሙ የፑንድሊክ ሻይ ቤት ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጻፋል። ከሰሌዳው የማይጠፋው ስም የኔ ነው።

ዛሬ የኦጃስ የመጀመሪያ ጨዋታ ስለሆነ ሰፈሩ በሙሉ፣ ኳሷ ክብ መሆኗን እንኳ የሚጠራጠሩት ሳይቀሩ፣ ካፒቴን አድርገውታል። የካፒቴን ነጥብ እጥፍ ነው። እኔ ግን ቡድኔ ውስጥም አላስገባሁትም። አዲስ ገቢ ኳስ የማትደርስበት ጥግ ነው የሚጣለው ብዬ አሰላሁ። የኔ ካፒቴን የተጋጣሚው ቡድን ግራኝ መቺ ነው።

"አንተስ? ካፒቴን አደረግኸው አይደል?" አሉኝ እትዬ ቫንዳና፣ ገና በር ላይ ሲቀበሉኝ።

"ታዲያስ! ሌላ ማን አለ?" አልኳቸው። ምላሴ አልተደናቀፈችም።

አሁን ግራኙ መቺ ገብቷል። እትዬ ቫንዳና ኦቾሎኒዎቹን ከማንኪያው ወዲያና ወዲህ ያዛውራሉ። መቺው ግራኝ ሲሆን ሜዳው እንደሚገለበጥ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ቅርፊት ያላትን ግን አይነኳትም።

"ኦጃስ ከቦታው አልተነሳም" ይላሉ። "እስካሁን ኳስ የማይመጣበት ነበር። እንግዲህ ይሄ ግራኝ ጠምዝዞ የሚያነሳት ሁሉ ወደ ልጄ ናት ማለት ነው?"

"አዎ፣ ወደሱ ናት" እላለሁ። ይህን እኔ ሳሰላ ዘልዬዋለሁ።

"እትዬ፣ እርስዎ ከነትሪዎ አሠልጣኝ ይሁኑ እንጂ!" ይላል ፑንድሊክ ከኋላ። "ሊቃችን እንጀራው ሊዘጋ ነው!" ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔም እስቃለሁ።

ወርዋሪው ይሮጣል። ግራኙ ይጠመዘዝና ይመታል፤ ኳሷ ወደ ላይ ትወጣለች። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ብድግ ይላል፤ ትሪው ከእትዬ ቫንዳና ጭን ይንሸራተታል። ካሜራው ኳሷን ተከትሎ ሲወርድ ኦጃስ ከሥሯ ቆሟል፣ ተረከዙ የሜዳውን ወሰን ገመድ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ይህን ልጅ አውቀዋለሁ። ከኛ ግድግዳ ጋር ኳስ ሲቀባበል ነው ያደገው፤ እናቴ ስትጮህበት አጥር ዘሎ እኔ ዘንድ ይደበቅ ነበር።

ሳትወድቅ ከያዛት ካፒቴኔ ከጨዋታ ወጣ ማለት ነው። ይጥላት፣ እላለሁ በሆዴ። ይጥላት፣ ይጥላት።

ኳሷ መዳፉን መትታ፣ ጣቶቹን አልፋ፣ ከገመዱ ወዲያ ትወድቃለች። ስድስት ነጥብ ለመቺው። ቀኝ እጄ ጭኔ አጠገብ በደስታ ይጨበጣል።

ፑንድሊክ ራሱን ይይዛል። ቴሌቪዥኑ ኦጃስን ደጋግሞ ያሳያል፤ ተንበርክኮ፣ ግንባሩን ሣሩ ላይ ደፍቶ። ያኔ ነው እፍረቱ የሚመጣው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ እላለሁ። እጄ ግን እንደተጨበጠ ነው።

እትዬ ቫንዳና ያዩታል። ጠጋ ይሉና በሁለት እጃቸው ይይዙታል።

"አትናደድበት" ይሉኛል ቀስ ብለው። "መብራቱ ዓይን ያጠፋል። ላብም ይሆናል።"

"አልተናደድኩም፣ እትዬ።"

"ተው፣ አየሁህ እኮ።" ጣቶቼን አንድ በአንድ ይፈታሉ። "ይኼ ሁሉ ሰው ለኔ ብሎ ነው ያስገባው፣ የነሱ ነጥብ አይቆጨኝም። አንተ ግን ጨዋታውን አውቀህ፣ አምነህበት ነው። ይቅር በለው።"

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይነዝራል፣ የስድስቱ ነጥብ እጥፍ ሆኖ ገብቶልኛል።

"ለሚቀጥለው ካፒቴንነቱን ንሳው፣ አልቀየምህም" ይላሉ። "ብቻ ከቡድኑ አታውጣው። እሺ?"

"እሺ" እላለሁ። "አላወጣውም።"

ጎንበስ ብለው ምንጣፉ ላይ የተበተነውን ይለቅማሉ። ቅርፊት ያላትን ከሶፋው ሥር ያገኟታል፤ በሳሪያቸው ጫፍ ይጠርጓትና ትሪው ላይ ያስቀምጧታል። ከዚያ ቀና ብለው ያዩኛል።

"እዚህ ጋ ነው የሚቆመው፣ አይደል?"

በዚያው እጄ ኦቾሎኒዋን ትንሽ ወደ ጠርዙ ጠጋ አደርግላቸዋለሁ።