ሰባ ሁለት ሞዴል
ደላላው የአሮጌ መኪና ሞዴል ለመለየት ሊብሬ አያይም፤ ሊብሬ የሚያገላብጡት ጀማሪዎች ናቸው ባይ ነው። እትዬ ወለላ ከወፍጮ ቤታቸው ጓሮ የቆመችውን የሟች ባላቸውን ፒካፕ እንዲያሻሽጥላቸው ሲያሳዩት፣ አንዴ ዞራትና ከት ብሎ ሳቀ።

«ሰባ ሁለት ሞዴል ነው ያሉኝ? ፍሬቻዋን አያዩትም እንዴ? ስድሳ ስምንት ናት! በሩ የሌላ፣ ኮፈኑ የሌላ። ቆርቆሮ ለቃቅመው ነው ለባለቤትዎ የሸጡላቸው።»

«ከሃያ ዓመት በፊት ሲገዟት፣ ያገናኛቸው ደላላ ሰባ ሁለት ናት ብሎ ማለላቸው። ውሉ ላይም ምስክር ሆኖ ፈርሟል።»

«መኪና ከጋሪ የማይለይ ደንቆሮ መሆን አለበት። ወይ ደግሞ ዓይኑን በጨው ያጠበ ሌባ! እስቲ ውሉን ያምጡት፤ ስሙን ልይና ሰፈር ለሰፈር ላዋርደው።»

እትዬ ወለላ በላስቲክ የጠቀለሉትን ውል አመጡለት።

«ዓይኔ አያይልኝም ልጄ፤ አንተው አንብብልኝ።»

ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ጀመረ፤ ሻጭ፣ ገዢ፣ አንደኛ ምስክር፣ ሁለተኛ ምስክር። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ የራሱን ስምና ፊርማ አየ።

«እህ፣ ማን ይላል?» አሉ እትዬ ወለላ።

ውሉን አጣጥፎ መለሰላቸውና ፒካፗን እንደገና ዞራት።

«እትዬ፣ አሁን ደህና አድርጌ ሳያት፣ ሰባ ሁለት ሳትሆን አትቀርም።»