የጎንደር ብርድ ልብስ

እናቴ ከሞተች ወዲህ አባቴ ከእኔ በቀር ሰው የለውም። የዩኒቨርሲቲ ምርጫዬን ስሞላ ግን ጎንደርን አንደኛ አደረግኩ። ከሐዋሳ ይርቃል ብሎ አልተቃወመኝም። እንዲያውም መረቀኝ፤ ማክሰኞ ደግሞ ከገበያ ወፍራም ብርድ ልብስ ገዝቶልኝ መጣ።

ብርድ ልብሱን እያጣጠፈ ሳየው አንጀቴን በላኝ። ለማን ጥዬው ነው የምሄደው? ሐሙስ ጠዋት ሳልነግረው ትምህርት ቤት ሄድኩና ምርጫ የሚመዘግቡትን መምህር አስናቀን ለመንኳቸው።

"ቲቸር፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። እዚሁ ሐዋሳን አንደኛ ያድርጉልኝ።"

ኮምፒውተሩን ከፍተው ግራ ተጋብተው አዩኝ።

"ሐዋሳ ነው እኮ የሚለው። ሰኞ ዕለት አባትሽ መጥተው አስቀየሩት። 'ታምማ ተኝታለች፣ እሷ ናት የላከችኝ' አሉኝ። አላክሻቸውም እንዴ?"



"ወደ ጎንደር ይመልሱልኝ" አልኩ።

"መቀየር የሚፈቀደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ልጄ።"

ቤት ስገባ አባቴ መነጽሩን አድርጎ፣ ብርድ ልብሱ ጫፍ ላይ ስሜን በቀይ ክር እየጠለፈ ነበር።

"እንዳይጠፋብሽ ብዬ ነው" አለኝ ቀና ሳይል። "የጎንደር ብርድ አይጣል ነው ይላሉ።"