ዘንባባዎቹን ማን መረዛቸው?

ጡረተኛው አናጢ ጠዋት በረንዳው ላይ ወጥቶ ሁለቱን ዘንባባዎች ሲያይ ደሙ ፈላ። ቢጫ ሆነዋል። ሟች ሚስቱ የተከለቻቸው፣ እሱ እንደ ልጅ ያሳደጋቸው ዘንባባዎች ከታችኛው ዝንጣፊ እስከ ጫፋቸው ቢጫ።

“ይሄ የሱ ሥራ ነው” አለ ጥርሱን ነክሶ።

እሱ የተባለው ግንብ የሚጋራው ጎረቤቱ፣ የቀድሞው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሲያንሾካሹክ እንኳ መንገድ ማዶ ስለሚሰማ ሰፈሩ “ጡሩንባ” ይለዋል። የደረቀ ዝንጣፊ ወድቆ የመኪናውን መስታወት የሰነጠቀበት ቀን “እነዚህን ዛፎች አደርቅልሃለሁ!” ብሎ ሲጮህ ያልሰማ የለም። ሰሞኑን ደግሞ የመርጫ ዕቃ በጀርባው አዝሎ በግንቡ ሥር ሲመላለስ አናጢው በዓይኑ በብረቱ አይቶታል።

ሴት ልጁን ከልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ አስነስቶ ወደ በረንዳው አመጣት።

“እይ! ምን ሆነዋል?”

አንገቷን አስግጋ አየች። “አባዬ፣ እኔ ምንም አይታየኝም።”

“ስትሰፊ ስትውዪ ዓይንሽ ጠፍቷላ! ወይስ ከሚስቱ ጋር ስለምትዋደጂ ነው?”

አባቷ ሰሞኑን ነገር ፍለጋ ላይ ነው። ነጭ ሸሚዜን በምን አጥበሽ አወየብሽው ይላል። ያቀረበችለትን ወተት የቆየ ነው ብሎ ይገፋል፤ እህልም አላሰኘውም። ንዴት ደረቱን ሲጨምቀው ከታዘዘለት የልብ መድኃኒት በላይ አንዲት ክኒን ይጨምርና ይውጣል፤ ከዚያ ተመልሶ ዘንባባዎቹ ፊት ይገተራል።

ችግኝ ጣቢያ ደወለ። የተክል ባለሙያዋ ረጋ ብላ ጠየቀችው።

“ቢጫ የሆነው ከታች ያለው አሮጌው ቅጠል ነው ወይስ ከመሐል የሚወጣው አዲሱ?”

“ምን ልዩነት አለው?”

“የታችኛው ብቻ ከሆነ አፈሩ ምግብ አጥሮታል፤ ማዳበሪያ ይመልሰዋል። አዲሱ ከሆነ ይከፋል። ሥሩ ላይ ውሃ ተኝቶበትም ሊሆን ይችላል።”

“ሁሉም ነው! ታቹም፣ ላዩም፣ ቀንበጡም እኩል!”

“እኩል?” አለች። “እንደዚያ ያለ አጋጥሞኝ አያውቅም። መጥቼ ልየው።”

“መርዝ ይሆን?”

“ሳላይ አልናገርም፤ አረም ማጥፊያ ነክቶት ከሆነ ግን…”

የቀረውን አልሰማም። ስልኩን ዘግቶ የጎረቤቱን በር በቡጢ ደበደበ።

“ዛፎቼን ምን አጠጣህብኝ?”

ጡሩንባ ወጣ። አሻቅቦ ዘንባባዎቹን አየ፤ ከዚያ አናጢውን አየ። “ደህና አይደሉም እንዴ? ምን ሆኑ?”

“አታሹፍብኝ!”

“ወንድሜ፣ ጽጌረዳዬን ተባይ በላብኝና እሱን ነው የረጨሁት። ምነው፣ ጤና የለህም?”

“ጤና የሌለህስ አንተ! ባልቴት ይመስል ምለህ ልትገዘት ነው?”

ሰው ተሰበሰበ፤ ገላገሏቸው። አናጢው ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ጠዋት መጋዙን አወጣ።

በጡሩንባ ግቢ አንድ ማንጎ አለ። ወንድ ልጁ የተወለደ ዕለት የተከለው ነው። ልጁ ከሞተ ወዲህ ያንን ዛፍ ከራሱ በቀር ማንም አያጠጣውም። አናጢው ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ የልጁን የሬሳ ሣጥን የሠራው እሱ ነው፣ ሳንቲም ሳይቀበል።

ሾፌሩ ገበያ እንደወጣ መሰላል አቁሞ ግንቡን ተሻገረ። “የኔም ዛፎች የሚስቴ ናቸው! የሚስቴ ናቸው!” እያለ ማንጎውን ገዘገዘው። ማንጎው ተንቋቋና ጽጌረዳዎቹ ላይ ተጋደመ።

ሴት ልጁ ጩኸቷን ለቀቀች። “አባዬ ምን አደረግህ? ምን አደረግህ?”

“የሠራውን አገኘ።”

ጡሩንባ ሲመለስ ሰፈሩ ጆሮውን ቀስሮ ጩኸቱን ጠበቀ። አልጮኸም። ዘንቢሉን መሬት ላይ አስቀመጠ፤ የወደቀውን ግንድ በመዳፉ ዳበሰውና አጠገቡ ቁጭ አለ። እስኪመሽ እዚያው ተቀመጠ። አናጢው በግንቡ አናት አይቶት ዞር አለ። ደስ ይለኛል ብሎ ነበር፤ ደረቱ ግን ባሰበት፤ ከልብ መድኃኒቱ ሁለት ክኒን ዋጠ።

በማግስቱ ባለሙያዋ መጣች። ዝንጣፊዎቹን አንድ በአንድ ገለበጠች፣ ቀንበጡን ዳሰሰች፣ ከሥሩ አፈር ዝቃ በጣቶቿ አሸች።

“አየሽ ያደረገኝን?” አለ አናጢው። “አየሽ አይደል ቢጫውን?”

ባለሙያዋ ወደ ዛፎቹ ሳይሆን ወደ እሱ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ሴት ልጁን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

“እህቴ፣ አባትሽን ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ውሰጃቸው፤ የሚውጡት መድኃኒት ካለ እሱንም ይዘሽ ሂጂ፤ ዘንባባዎቹ ለምለም አረንጓዴ ናቸው።”