ወፍጮ ቤቱ ጋ ወደ ግራ

«እየሄድን የምንነፋው ለማን ነው?» ትለኛለች ዱርሲቱ።

ቱባውን፣ ትልቁን የነሐስ መሣሪያ፣ ትከሻዋ ላይ እንድታስተካክል እያገዝኳት ነው። የትምህርት ቤቱ ማርሽ ባንድ ዓለም ገና ታክሲ ተራ አጠገብ ተሰልፏል። ዛሬ የወላጆች ቀን ነው፤ ከዚህ ተነስተን እየተጫወትን እስከ ግቢው እንሄዳለን።

«እንዴት ለማን?»

«መንገድ ዳር የቆመ ሰው የሚደርሰው አንድ ቁራጭ ነው። መጀመሪያውንም መጨረሻውንም አይሰማም። የኔን ደግሞ ጭራሽ። ቡም፣ ቡም። ይሄን ማን ያንጎራጉረዋል?»

ኖርዌይ በተማርኩበት ከተማ እኔም ስድስት ዓመት ቱባ ነፍቻለሁ። ሰልፍ ስንወጣ የሌሎቹ ልጆች ወላጆች ከመንገዱ ዳር ስማቸውን ይጠሩ ነበር። የእኔ ሰው አንድ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ብቻ ነበር፤ የሐረሩ ጋሽ ሸምሰዲን። ባለፍን ቁጥር አውቶቡሱን አቁሞ፣ ወርዶ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። እኔ አፍሬ እንዳላየሁ ሆኜ አልፈዋለሁ።

ከተመለስኩ ሰባት ወሬ ነው። የመመለሻ ቲኬቴን ግን እስካሁን አልሰረዝኩትም።

«እናትሽ ትመጣለች?»

«መደቧን ለማን ትታ?» እናቷ ወይዘሮ ጠጅቱ ባጃጅ ተራው ጋ ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች። «ደግሞ ከዛሬ በኋላ ይብቃሽ ብላኛለች። ዓይን ለሌለው ሰው ትምህርት ነው እንጂ ቧንቧ እንጀራ አይሆነውም ትላለች።» ትስቃለች። «አንድ ቀን እኮ ሰምታኝ አታውቅም።»

ዱርሲቱ ዓይነ ስውር ናት። ሰልፉን የምንመራው ሁለታችን ነን፤ እኔ ባሪቶን ይዤ፣ የቱባ ታናሽ እህት የምትመስለዋን፣ ከግራዋ እሄዳለሁ። መታጠፊያ ስንደርስ በክርኔ ክርኗን እነካለሁ፤ ስምምነታችን ይሄ ነው። ከኋላችን ኢብሳ ትልቁን ከበሮ ደረቱ ላይ ታቅፏል። ከበሮው ፊቱን ስለሚጋርደው የሚሄደው የቱባውን ድምፅ እየተከተለ ነው። የቀሩት ሠላሳ ልጆች ደግሞ የሚከተሉት ኢብሳን ነው።

«ኢብሳ፣ ዛሬ ተረከዜን ብትረግጠኝ ይሄን ቱባ ጭንቅላትህ ላይ ነው የምደፋልህ።»

«ድፊው፤ ጥላ አልያዝኩም።» እውነትም ሰማዩ ጠቁሯል።

አሠልጣኛችን ጋሽ መልከጼዴቅ ፊሽካውን ይነፋል። እንነሳለን።

አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ይጀምራል። ባጃጆች ጥግ ይይዙልናል። የወፍጮ ቤቱ ጩኸት እየቀረበ ይመጣል፤ እዚያ ጋ ወደ ግራ ነው። ስንደርስ የማደርገው ኖርዌይ ስድስት ዓመት የለመድኩትን ነው፤ ግራ እጄን ወደ ላይ አነሳለሁ።

ዱርሲቱ ቀጥ ብላ ታልፋለች። ኢብሳ ይከተላታል። ሠላሳዎቹ ኢብሳን ይከተላሉ። እኔ ብቻዬን ወደ ግራ ሦስት እርምጃ ሄጄ፣ እጄን እንደሰቀልኩ ቆሜያለሁ። ጋሽ መልከጼዴቅ ከጎን እየሮጠ ፊሽካውን ያጮኸዋል፤ ከቱባና ከከበሮ ፊት ፊሽካ ምን አቅም አለው።

ሮጬ እደርስባታለሁ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እጄን አነሳሁልሽ። ወፍጮ ቤቱን አልፈነዋል፣ እንመለስ።»

ከንፈሯን ለአንድ ምት ብቻ ከመሣሪያው ታላቅቃለች። «ወፍጮ ቤት ሳይሰማ ይታለፋል እንዴ?» ትለኝና ወደ ቡም ቡሟ ትመለሳለች።

ከፊታችን ባጃጅ ተራው ነው።

ወይዘሮ ጠጅቱ ጎንበስ ብላ ድንቿን በሁለት እጇ ወደ ማዳበሪያ እየሰበሰበች ናት። ዱርሲቱ መደቡ ፊት ስትደርስ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ትቆማለች። የኢብሳ ከበሮ ጀርባዋን ገፋ ያደርጋታል። ሠላሳዎቹ ባሉበት ይረግጣሉ።

«ዱርሴ ኮ፣ የኔ ዱርሴ፣ አንቺ ነሽ?» እናቷ ቀና ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ላም መጣችብኝ ብዬ እኮ ነው ድንቹን የምሰበስበው» ትላለች።

የባጃጅ ሾፌሮቹ ይስቃሉ። የዱርሲቱም ትከሻ በሳቅ ይርገበገባል፤ የቱባው ድምፅ ይሰበርና እንደገና ይስተካከላል።

ወይዘሮ ጠጅቱ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች። የሰው በሬ እንደሚዳብስ ሰው በጥንቃቄ ቀርባ መዳፏን ነሐሱ ላይ ታሳርፋለች። ዱርሲቱ ዝቅተኛውን ድምፅ ትይዛለች። ኢብሳ ከበሮውን ያቆማል፤ ትራምፔቶቹም አንድ በአንድ ዝም ይላሉ። የቀረው ያ አንድ ድምፅ ነው። የእናቷ ክንድ ላይ ያለችው ቀጭን አምባር ስትንቀጠቀጥ አያለሁ።

የልጅቷ ትንፋሽ እስኪያልቅ እናቷ እጇን አታነሳም።

«ኢራ ዴቢኢ» ትላታለች። ድገሚው።

ዱርሲቱ ትደግመዋለች። ጋሽ መልከጼዴቅ እያለከለከ ደርሶ አጠገቤ ቆሟል። ፊሽካው አፉ ውስጥ ነው፤ አይነፋውም።

«ፈተናውን ብትወድቅ ግን» ትለኛለች ወይዘሮ ጠጅቱ፣ እጇን ከነሐሱ ሳታነሳ፣ «አንቺን ነው የምይዘው።»

«እሺ እማማ» እላለሁ።

ባሪቶኔን ብብቴ ሥር አድርጌ ስልኬን አወጣለሁ። ጋሽ ሸምሰዲን ቁጥሩን ሲሰጠኝ «ሲከፋሽ ደውዪ» ብሎኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ከፍቶኛል፤ አንድ ቀን አልደወልኩም። እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦ «ጋሽ ሸምሰዲን፣ ኢየሩስ ነኝ፣ ቱባ የምትነፋዋ ልጅ። ያኔ መንገድ ዳር ሲቆሙ አይቼዎት ነበር። ሁልጊዜ አይቼዎታለሁ። አመሰግናለሁ።»

እልከዋለሁ። ከመልእክቱ ሥር አንዲት ግራጫ ምልክት ትወጣለች፤ ሲደርሰው ሁለት ትሆናለች። እዚያው ቆመን፣ ዝናቡ ማካፋት ሲጀምር፣ ዙረን ወደ ወፍጮ ቤቱ ስንመለስ፣ ግቢው ገብተን ወላጆች ሲያጨበጭቡ፣ ደጋግሜ አያታለሁ። መስከረም ገብቶም አንዲት ናት።