ዝናብ የማይነካው ባላባት

በአንድ የእንግሊዝ ገጠር የሚገኝ የመንደር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ከማፍሰሱ የተነሳ ምእመናኑ ጃንጥላ ዘርግተው ነበር የሚዘምሩት። ከቅርስ ጥበቃ ሹም ይመጣል ሲባል ቄሱ በደስታ መሰላል አቁመው ጠበቁት። ሹሙ ግን ጣሪያውን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ በቀጥታ ወደ መካነ መቃብሩ ሄደና ሣጥን የመሰለ ጥንታዊ የድንጋይ መቃብር ላይ ተለጠፈ።

«ዝናብ እየጨረሰው እኮ ነው፣ አባ!»

«እኛንም እየጨረሰን ነው» አሉ ቄሱ።

«እናንተ ቅርስ አይደላችሁማ!»

እዚያ የተቀበረው በሕይወት ዘመኑ አንድም እሑድ አስቀድሶ የማያውቅ ባላባት ነው። ብዙም ሳይቆይ ጠብታ የማያሳልፍ ሰፊ ጣሪያ ከመቃብሩ በላይ ተሠራለት።

ሥራው ባለቀ በመጀመሪያው እሑድ ዶፍ ወረደ። ሹሙ ጣሪያውን ሊያይ ሲመጣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሰው የለም፤ መዝሙሩ የሚሰማው ከውጭ ነው። ምእመናኑ በአዲሱ ጣሪያ ሥር ተጠጋግተው ቆመዋል። ቄሱም መጽሐፍ ቅዱሳቸውን መቃብሩ ላይ ዘርግተዋል።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» ብሎ ጮኸ።

አንዲት አሮጊት ዞር ብለው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ ብለህ ተናገር፣ ልጄ። ባላባቱ ሲያስቀድሱ ገና የመጀመሪያ ቀናቸው ነው፤ እንዳታስበረግጋቸው።»