ግዝት

«አባቴ፣ ፈርቻለሁ» አለች ነርሷ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ከንስሐ አባቷ እግር ሥር ተንበርክካ። ወረርሽኙ ወደ ከተማው ከገባ ወዲህ ሕሙማንን የምትመረምር እርሷ ነበረች።

«አንድ የተከበሩ ሰው በሽታው ተገኘባቸው። ለማንም ትንፍሽ እንዳልል በሥላሴ ስም ገዘቱኝ። እርሳቸው ግን ዛሬም በሕዝብ መካከል ይመላለሳሉ። ብናገር ግዝቱን እፈራለሁ፤ የሙያዬም ሕግ የታማሚን ምስጢር እንዳላወጣ ያዝዘኛል። ዝም ብል ደግሞ ሰው ይሞታል።»

ካህኑ መቋሚያቸውን ተደግፈው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወለተ ሥላሴ፣ ሰው ቢያውቅ ማን ይጠጋቸዋል? እንደ ለምጻም ይሸሿቸዋል። ዝም በዪ፤ የቀረውን ለፈጣሪ ተዪው» አሏት።

ራቅ ብለው ተራ ሲጠብቁ የነበሩት አረጋዊት እናቷ ትዕግሥታቸው አለቀ። «ኃጢአትሽ እንዴት ቢበዛ ነው እንዲህ የሚያቆይሽ? በይ ዞር በዪልኝ!» ብለው የካህኑን መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ አሉ።

ነርሷ ዘልላ በመካከል ቆመች።

«ምነው ልጄ፣ ከመስቀል ትከለክዪኛለሽ?»

ፊቷን ወደ ካህኑ መልሳ፣ «አባቴ፣ የገዘቱኝ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎው ይፍቱኝ» አለች።