ካሜራውን ማን ነካው?

እትዬ አለሚቱ መርሳ ያለውን ሱቃቸውን የሚዘጉት የዘይቱን ጠርሙሶች ጽሑፋቸው ወደ በሩ እንዲያይ አዙረው፣ የሚዛኑን ሰሃን አስተካክለው ነው። ከዚያ ለልጃቸው ለወርቁ ምግብ ይዘው ከከተማው ዳር ወዳለው የማሽላ ማሳ ይወርዳሉ።

ወርቁ እዚያ ዘበኛ ነው። የሚጠብቀው ተመራማሪዋ ናርዶስ የተከለችውን የሌዘር መሣሪያ ነው። መሣሪያው ሲመሽ ለዓይን የማይታይ ብርሃን በማሽላው አናት ላይ ይዘረጋል፤ ተምች የምትፈልፍለዋ የእሳት እራት በብርሃኑ ስታልፍ ካሜራው ከክንፏ አመታት ይለያታል። ገበሬውም ተምቹ ሳይፈለፈል ይነቃል።

ሰሞኑን ግን ነገር ተበላሽቷል። ናርዶስ ጠዋት ስትመጣ በካሜራው ምስል ላይ ማዶ ያሉትን ነፍሳት ሁሉ ደብዝዘው ታገኛቸዋለች። ካሜራውን ታስተካክለዋለች፤ በማግስቱም ያው ነው።

«ካሜራውን የሚነካ ሰው አለ» አለች አንድ ጠዋት እትዬ አለሚቱን ማሳው ድረስ አስጠርታ። «ዛሬም ከተነካ፣ እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሌላ ጥበቃ እቀጥራለሁ።»

ዘበኛ ባለበት ጥፋተኛ መፈለግ ምን ይከብዳል!

«ልጄ እንኳን ሊነካው ደፍሮም አያየው!» አሉ እትዬ አለሚቱ።

በልባቸው ግን ጥፋተኛውን ካገኙት ቆይተዋል። ባትሪ እየሞላ የሚያመላልሰው መካኒኩ ያሬድ ነው። ከኪሱ መፍቻ አይጠፋም፤ የዘበኝነቱንም ሥራ ውርጌሳ ላለው ወንድሙ ፈልጎት ነበር።

ናርዶስ ካሜራው ከሌንሱ ጋር ፊት ለፊት ሳይገጥም ዘመም ብሎ የተተከለው ስለምን እንደሆነ፣ ቅርቡንና ሩቁን እኩል አጥርቶ የሚያየውም በዚሁ ምክንያት መሆኑን ታስረዳቸው ጀመር። እትዬ አለሚቱ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ለመሙላት ባትሪውን የሚፈታውን ያሬድን ያዩ ነበር።

አመሻሹ ላይ ሱቁን ቀደም ብለው ዘጉ። ማሳው ዳር ሲደርሱ የወርቁን ቆብ ቀና አደረጉለትና ምሳ ዕቃውን አስያዙት።

«ሂድ፣ ዳስህ ሥር ሆነህ ብላ። ዛሬ የምጠብቀው እኔ ነኝ።»

«እማዬ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

«እናቱ ትጠብቀዋለች ይልሃላ! እስካሁንስ ማን ጠበቀህ?»

ያሬድ ባትሪ ተሸክሞ ብቅ አለ።

«ቁም! ከዚያች ድንጋይ እንዳታልፍ!»

«ኧረ እትዬ፣ ባትሪ እኮ ነው! ቦምብ መሰለዎት?»

«እዚያው አስቀምጥና ሂድ። መፍቻህንም ይዘህ።»

«እንግዲያው ነገ መታወቂያዬን ይዤ እመጣለኋ!»

ወርቁ ከዳሱ ሥር ሳቁ ከጉርሻው ጋር ትን አለው። ያሬድም ባትሪውን ድንጋዩ ላይ ትቶ እየሳቀ ተመለሰ።

እትዬ አለሚቱ ደስ አላቸው። ዛሬ ከእሳቸው በቀር መሣሪያው አጠገብ የደረሰ የለም። የልጃቸው እንጀራ ተረፈ።

ወርቁ በልቶ ሲጨርስ ሊሄዱ ሲነሱ ዓይናቸው ካሜራው ላይ ዐረፈ፤ እንደ ልጃቸው ቆብ ወደ ጎን ዘመም ብሏል፤ በመዳፋቸው ቀስ አድርገው ቀና አደረጉት፣ እንደ ወትሯቸው።